ድሬሰር ረታና የጠዋት አረቄው

ጋምቤላ ክልል በሆነች በሁለተኛው ዓመት እኔ የአንድ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ነበርኩ። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ ግን ስለ ጣቢያው ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ስለ ድሬሰር ረታ ሳልጽፍ መቅረት ከበደኝ።

ጋሽ ረታ ከደጋ የመጣ፣ እጁ ቀላል ሰው ነበር። እሱ መርፌ ሲወጋ ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ሥራ ከመግባቱ በፊት ግን ሁልጊዜ ሁለት መለኪያ አረቄ ይጠጣል። «ወባ አረቄ ያለበት ደም ውስጥ አይኖርም» ይላል። ብዙ ደገኛ እንዲሁ ያምን ነበር። እሱም አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ጠጣ።

አንድ ቀን ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ነርስ ናዝሬት የደም ግፊቱን ለካችው፤ ሁለት መቶ በመቶ ሃያ ሆነ።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አላት።

እኔን ጠርታ ለካችኝ። የእኔ ደህና ነው።

«ጋሼ፣ መሣሪያውስ ጤነኛ ነው። የደነደነው የእርስዎ የደም ሥር ነው። አረቄው በየቀኑ ግድግዳውን ያደርቀዋል። አንድ ቀን ጭንቅላትዎ ውስጥ ቢፈነዳ ማን ያድንዎታል?»

«ወባ ቢይዘኝስ?»

«ለወባማ ክኒን አለን። የሚያድሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ጋሽ ረታ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። መሬት መሬት አየ። እኔም አብሬው አፈርኩ።

በማግስቱ በሩን ልከፍት ስሄድ ቆሞ አገኘሁት። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አፉ ግን አረቄ አይሸትም።

«ዛሬ እኔ መርፌ አልወጋም፣ ናዝሬት ትውጋ» አለኝ። ከዚያ ግፊቱን ለማስለካት እጅጌውን ሰብስቦ ከበሽተኞቹ ኋላ ተራ ያዘ።