ማንም ያልያዘው ሰው

ወደ ሙርዋይክ ሰፈር በሚሄደው ትራም ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ የመጦሪያ ቤት የሥራ ልብሳቸውን ከካፖርታቸው ሥር አላወለቁም። የስልካቸውን ድምፅ ለቀውታል።

«ማንም አልያዘውም እኮ ነው የምልህ። ጉልበቱም ድኗል።»

«እማ፣ ሽማግሌ ነው፤ ተይው» ይላል ከሮተርዳም ልጃቸው።

«ዛሬ ካልወሰድነው ያቺ የጓደኛህ እህት ትወስደዋለች።»

አጠገባቸው ያሉት ሐበሻ አሮጊት አላስቻላቸውም። «ልጄ፣ ዘር ማንዘሩን አጣርታችኋል?»

ሴትዮዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ የሚያወሩት ስለ ሙሽራ ሳይሆን ስለ አሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች ነው። እናትና ልጅ እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠው በስልክ ጨዋታ የራሳቸውን ቡድን ሠርተዋል፤ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ በሚያገኙት ነጥብ ከልጁ ጓደኛና ከጓደኛው እህት ጋር ይወዳደራሉ፤ የውድድሩ ዘመን ሲጋመስ ደግሞ ሌላው ያልመረጠውን እየፈለጉ ይወስዳሉ።

«ቤዝቦል ይወዳሉ እንዴ?» አልኳቸው።

ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ዱላው በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላውቅም ነበር። ግን ከውድድሩ ከወጣን እስከሚመጣው ዓመት አይደውልልኝም።»

«እሺ እማ፣ ውሰጂው» አለ ልጁ። «ማታ ሲጫወት እደውልልሻለሁ፤ አብረን እናየዋለን።»

ሴትዮዋ ወደ አሮጊቷ ዞሩ። «ተሰጠን» አሉ።

ከዚያ ሁሉ የቤዝቦል ወሬ አሮጊቷ የያዙት ይህችን ቃል ብቻ ነው። እልልታቸውን ሲያቀልጡት ሹፌሩ ደንግጦ ደወሉን አቃጨለ፤ ሴትዮዋም አብረው እልል አሉ።