አይሱዙ የገፉ ሽማግሌዎች

በ1984 ዓ.ም. ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቴፒ በኩል ቡና ለቀማ ስሠራ ከርሜ ሚዛን ተፈሪ ገባሁ። ሚዛን ላይ ጋሽ ነስሩ የሚባሉ የጅማ ሰው ፎቶ ቤት ነበራቸው። በትከሻ የሚያዝ ቪዲዮ ካሜራ ከአዲስ አበባ አስመጥተው ዕቃ የሚሸከምላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ትከሻህ ደህና ነው ወይ አሉኝ፣ ደህና ነው አልኳቸው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፣ እሱን አልጠየቁኝም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ሸዋ ቤንች ሠርግ ላይ መብራት መያዝ ነበር። ጄኔሬተሩን አወረድኩ፣ ሽቦውን ዘረጋሁ፣ አምፖሉን ረጅም እንጨት ላይ አስሬ ዳሱ ውስጥ ቆምኩ። ከጨፋሪዎቹ አንዱ አዘላለሉ ልዩ ነው። ዓይኔ እሱ ላይ ሲቀር እጄም ተከተለ፣ ሙሽራዋ ጨለማ ውስጥ ቀረች። ጋሽ ነስሩ ካሜራውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ቁርጭምጭሚቴን በጫማቸው መቱኝ። ስንመለስ፣ «መብራቱ የሙሽራዋ ነው። አንተ ማየት የምትፈልገውን በራስህ ጊዜ እይ» አሉኝ።

ከመብራት ያዥነት ወደ ረዳትነት አደግሁ። ረዳት ማለት ባትሪ የሚሞላ፣ ካሴት የሚቀይር፣ ሌንስ የሚጠርግ ነው። የኛ አገር ዝናብ ካሜራ ይበላል፣ ሌንስ ላይ ሻጋታ ይወጣል። ጋሽ ነስሩ ካሜራውን ክዳኑ የሚገጥም የብረት ሳጥን ውስጥ አድርገው፣ ደረቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥረው ከጎኑ ያኖሩ ነበር። ከሰሉን ፀሐይ በወጣ ቁጥር ማስጣት የኔ ሥራ ነው። አንዳንድ ባልደረቦች በዚህ ይስቁብኝ ነበር፣ የነሱ ካሜራ አሁን የለም።

ጽሕፈት ስለማይቀናኝ ካሴት ላይ አልጽፍም። ካሜራው የኔ ሲሆን አንድ ልማድ አወጣሁ። ሰው ከማንሳቴ በፊት ካሜራውን ከፍቼ ስሙን በራሱ አፍ እንዲናገር አደርጋለሁ፤ አንሳኝ ካለ አነሳለሁ፣ አታንሳኝ ካለ እዘጋለሁ። የቱ ካሴት የማን እንደሆነ የማውቀው በዚያ ነው።

ካሜራው የኔ የሆነው ጋሽ ነስሩ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ነው። ቴፒ አንድ ትልቅ ሠርግ ላይ ብቻዬን ተላክሁ። ከጓሮ እንጨት የሚፈልጡት ሰዎች ዜማ እየተቀባበሉ ይሠራሉ፣ በሬ የሚያርደው ሰው ቢላውን ሲስል እንደ ቄስ ነው። እነሱን ሳነሳ ዋልኩ። የሙሽራዋ አባት ካሴቱን አይተው ፎቶ ቤት ድረስ መጡና ልጃቸው ከእንጨት ፈላጭ አንሳ መታየቷን በሰው ፊት ተናገሩ። እውነታቸውን ነው። ጋሽ ነስሩ ይቅርታ ጠየቋቸው፣ እኔን ግን አልተቆጡኝም።

ያን ካሴት ሜሮን አየችው። ሜሮን ከአዲስ አበባ እየመጣች ዘጋቢ ፊልም የምትሠራ፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። ፎቶ ቤቱ የመጣችው ባትሪ ልትሞላ ነው። እንጨት ፈላጮቹን ስታይ ቆማ ቀረች፤ ማን ነው ያነሳው ብላ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ በመጣች ቁጥር ካሜራ የምይዘው እኔ ሆንኩ። ሸኮ ጫካ ውስጥ ማር ቆራጮችን አነሳን፣ ማጂ በቅሎ ነጂዎችን አነሳን። ሠርግ ላይ ሁሉ ነገር ወዳንተ ይመጣል። ዘጋቢ ፊልም ላይ አንተ ነህ የምትጠብቀው። እኔ መጠበቅ አይሰለቸኝም።

አርባ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ሜሮን አንድ ሥራ ሰጠችኝ። ስለ ማጂ መንገድ ነው። «ጋሽ አየለ፣ ይኼ ያንተ ነው። አዘጋጅ ተብሎ የሚጻፈው ያንተ ስም ነው» አለችኝ። መብራት ያዥ ሆኖ ለጀመረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የማጂ መንገድ ከሚዛን እስከ ቱም እንደምንም ይኬዳል። ከቱም ወደ ማጂ ያለው ዳገት ግን ያን ጊዜ በክረምት የበቅሎ እንጂ የመኪና አልነበረም። ሐምሌን ጠበቅሁና ሹፌር ፍለጋ ገባሁ። ታደለን አገኘሁት። ታደለ የእትዬ ዘነበችን አይሱዙ የሚነዳ ጎረምሳ ነው። እትዬ ዘነበች ከጉራጌ አገር የመጡ፣ ጨውና ሳሙና በጅምላ የሚሸጡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ንግዱን ለብቻቸው ያቆሙ ሴት ናቸው። ለታደለ ያዘዙት፣ ጨውን ቱም አራግፎ እንዲመለስ ነው። በክረምት ከቱም ወዲያ ጎማዬ እንዳይዞር ማለታቸውን ሚዛን ውስጥ የማያውቅ የለም።

ጋቢና ገብቼ ካሜራውን ከፈትኩ። «ታደለ እባላለሁ። አንሳኝ። በግራ በኩል ነው የማምረው» አለ።

ካሶኒው ላይ ከጨው ጆንያው በላይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። አንዱ የታደለ አጎት አቶ ገብሬ ናቸው። ሁለተኛው አባ ጀማል ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው ያረፉ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ብዙ አይናገሩም። ወዴት ናችሁ ብላቸው፣ ዘመድ ጥየቃ አሉኝ።

ቱም ላይ ጨው ተራገፈ። ታደለ መሪውን ወደ ሚዛን ይመልሳል ስል ወደ ዳገቱ አዞረ። እትዬ ዘነበች አላዘዙም አልኩት። «ጋሼ፣ መንገድ ልታነሳ አይደል የመጣኸው? ያውልህ መንገዱ» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ዳገቱን ከጀመርን በኋላ ነው። ማጂ ምሕረት የምትባል ልጅ አለች። ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክባት ነው የሚል ወሬ ታደለ ሰምቷል። ዝናቡ እስኪያበቃ ቢጠብቅ ሊቀደም ነው። ሽማግሌዎቹ የተላኩት እሷን ለመጠየቅ ነበር።

ከዳገቱ እኩሌታ ላይ መኪናው ሰመጠ። ሰንሰለት ታሰረ፣ ቀርከሃ ተቆርጦ ከጎማ ሥር ገባ፣ ጎማው ቀርከሃውን ዋጠው። ሽማግሌዎቹ ወረዱ። አባ ጀማል ጫማቸውን አውልቀው በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ጋቢው ታጠፈ፣ ሱሪው ተሰበሰበ። ሰው ሊያጋቡ የለበሱት ሦስቱ ሽማግሌዎች የአይሱዙን ቂጥ ይዘው መግፋት ጀመሩ። እኔ የካሜራውን ማቆሚያ፣ ትራይፖዱን፣ ጭቃው ውስጥ ተክዬ አነሳሁ።

«ሚስት የሚያገባው እሱ፣ የምንገፋው እኛ» አሉ አቶ ገብሬ እያለከለኩ። «ነገ ሲጣሉም የምንጠራው እኛው ነን።»

«ግፋ ገብሬ» አሉ አባ ጀማል። «ጉልበትህን በአፍህ አትጨርሰው።»

መኪናው አልወጣም። ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ፣ ሽታው ዳገቱን ሞላው። ሽማግሌዎቹ እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው ማጂ በእግራቸው ገቡ። የልጅቷ አባት ካሜራ ቤታቸው እንዲገባ ስላልወደዱ ውጭ ቀረሁ። ወጥተው እንደነገሩኝ፣ አባትየው ልጁ ምን ይሠራል ብለው ነበር፣ ሹፌር ነው ብለዋቸዋል። ለሥራ ፈት ልጅ አልሰጥም፣ ሥራ ላለው ግን እሰጣለሁ ብለዋል። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

መኪናው ተጎትቶ ተመለሰ። ታደለ ለእትዬ ዘነበች ፍሪሲዮኑ ቱም መግቢያ ላይ ተቃጠለ አላቸው። አመኑት። መንገዱን ረገሙ፣ ፍሪሲዮኑን አሠሩ።

ሜሮን ሚዛን መጥታ ካሴቶቹን ፎቶ ቤቱ ውስጥ አየች። ሽማግሌዎቹ መግፋት ሲጀምሩ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ፊልሙ ይኼ ነው አለች። እኔም አውቀዋለሁ። በማግስቱ ታደለ መጣ። ፊቱ ተለዋውጧል። እትዬ ዘነበች ካዩት ከሥራ እወጣለሁ፣ ከሥራ ከወጣሁ ምሕረት የለችም፣ አጥፋልኝ አለኝ። ያነሳሁትን አላጠፋም አልኩት። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ግን ሳልነግርህ ለማንም አልሰጥም አልኩት፣ እሱንም እንደ ተስፋ አልቆጠረውም።

ለሜሮን ነገርኳት። እሷ ሥራዋን የምታውቅ ሰው ናት፣ ያለችውም ስህተት አልነበረም። «ጋሽ አየለ፣ አንሳኝ ብሎ በራሱ አፍ ተናግሯል። ካሴቱ ላይ አለ።»

«የፈቀደው ጭቃው ሳይመጣ ነው» አልኳት።

ታዲያ ሽማግሌዎቹን ቁረጣቸው አለች። እነሱን ከቆረጥኩ የሚቀረው ጭቃ ብቻ ነው፣ ጭቃ ደግሞ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አልቆርጥም አልኳት። አታጠፋ፣ አትቆርጥ፣ አትሰጥ፣ ታዲያ ምን ልታደርግ ነው አለች። እትዬ ዘነበች ያዩታል አልኳት። ራሷን ያዘች። ሴትዮዋ እምቢ ካሉ ፊልሙም የለም፣ ስምህም የለም፣ ሌላ ሰው ቀጥሬ መንገዱን እንደገና አስነሳዋለሁ አለችኝ። አስነሺ አልኳት።

ታደለን ማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀ። በኋላ የተስማማው በአንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ይዘውት እንዲገቡ። አቶ ገብሬ ሲነገራቸው፣ «ለሚስት ተላክን። ደግሞ ለፍሪሲዮን እንላክ?» አሉ። ግን ጋቢያቸውን አሳጥበው መጡ።

እትዬ ዘነበች ሱቅ ገባን። ሜሮን በሩ ጋ ቆመች። ተቀመጡ እንጂ ሲባሉ ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ካሜራውን ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼ ከፈትኩ። ታደለ የራሱን ጫማ ያያል።

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አድርገው አዩ። መኪናው ቱምን አልፎ ወደ ዳገቱ ሲዞር ወደ ታደለ ዞሩ። «ቱም መግቢያ ላይ ነው ያልከኝ።» እስከ መጨረሻው አዩት። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ፣ «ለልጅቷ አባት ሽማግሌ ይላካል፣ ለኔ ውሸት ይላካል» አሉ። «ቁልፉን አምጣ።»

ታደለ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አቶ ገብሬ ሊናገሩ ሲሉ በእጃቸው አስቆሟቸው፣ ወደኔም ዞሩ።

«አየለ፣ ይኼን ለኔ አሳይ ያለህ ማነው?»

«ማንም። እርስዎ ሳያዩት ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈለግሁም።»

«እንዳይወጣ ብልህስ?»

ሜሮንን አላየኋትም። ባያት ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር እናገር ነበር። «ካሴቱ እዚሁ ይቀራል» አልኳቸው።

ቁልፉን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ትንሽ ቆይተው አባ ጀማል የሚገፉበትን ቦታ መልስልኝ አሉ፣ መለስኩላቸው። ሁለተኛ አዩት። «ይውጣ» አሉ። «ይህ መንገድ ይሠራ ብዬ ስናገር ሴትዮዋ ለመኪናዋ ነው ይሉኛል። እነዚህን ሰዎች ይዩአቸው። ታደለ ግን ሠርጉ እስኪያልፍ ቁልፍ አይነካም። ረዳት ሆኖ ይጭናል፣ ያራግፋል።»

«እኛ እኮ ሹፌር ብለን ነው የጠየቅነው» አሉ አቶ ገብሬ።

«ሽማግሌ አይደላችሁ? ማጂ ውጡና ረዳት ነው በሏቸው።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ጀማል ናቸው። ከዚያ ተቀመጡ፣ ሻይ መጣ። ታደለ ግን አልሳቀም። ነገሩ ገና ማጂ ላይ ነበር።

ካሴቱን ለሜሮን ወዲያው አልሰጠኋትም። የምሕረት ቤትም ጉዳይ አለበት። ከሽማግሌዎቹ ጋር እስከ ቱም በመኪና፣ ከቱም በእግር ወጣን። ታደለም አብሮን ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። በዚህኛው ጊዜ አባትየው ግባ አሉኝ። በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ሁሉንም አሳየኋቸው፣ አቶ ገብሬም አሁን ረዳት ነው ብለው ያለውን ነገር ሳይቀንሱ ነገሯቸው። አባትየው ምሕረትን ጠርተው በቤታቸው ቋንቋ ጠየቋት። እሷ ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ በአማርኛ መለሰች።

«እኔ የሰማሁት ታደለ ሲባል ነው። ሹፌርና ረዳት እናንተ የጨመራችሁት ነው።»

አባትየው ሽማግሌዎቹን ቀና ብለው አይተው፣ ጥር ያው ጥር ነው አሉ። እጄ ወደ ካሜራው ሄዶ ነበር። ምሕረት አይታኝ፣ «ይኼኛው ይቅር» አለች። ዘጋሁት። ሜሮን በኋላ ይህን ስነግራት ምነው አላነሳኸውም ብላ ቀኑን ሙሉ ስትቆጭ ዋለች።

ፊልሙ ወጣ፣ ስሜም ተጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ። ካሴት ቀርቶ ካርድ መጣ፣ ካሜራውም መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ከሰሉን ግን አሁንም አሰጣለሁ። ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ፊልም ከመውጣቱ በፊት የሚጎዳው ሰው ይየው። እምቢ ካለ ሥራው ይቀርባችኋል። ይኼ የሙያው አካል ነው።

ማጂ ላይ ጥር ያው ጥር ነው በተባለ በነጋታው ጠዋት ቱም ወርጄ ካሴቶቹን ሚዛን በሚሄድ መኪና ለሜሮን ላክሁላት። ከዚያ ትራይፖዱን ተሸክሜ ወደ ዳገቱ ተመለስኩ፤ ለፊልሙ የሚያስፈልገውን፣ ሰው የሌለበትን መንገድ ገና አላነሳሁም ነበር።