ከአልጋዬ ግርጌ የጠፉት ሁለት ፊደላት

ዛሬ ሰው ሁሉ በሽታውን በፈረንጅ ፊደል ይጠራል። ጎረቤቴ «ቢፒ አለብኝ» ይላል፤ ቢፒ ማለት የደም ግፊት መሆኑን ለእኔ ለማስረዳት ደግሞ ጣቱን ያነሣል። እኔ ይኼንን የተማርሁት እሱ ሳይወለድ ነው። ለመማር ግን አልቸኮልሁም፤ የፈረንጅ ፊደል አልጋዬ ግርጌ ተሰቅሎ ወራት ስተኛ ምን እንደሚል አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁበትን ምክንያት ልጽፍ ነው። ፊደል ቆጥሬ አቡጊዳ ሳልጨርስ ወደ እርሻ የገባሁ ሰው ነኝና ጽሕፈቴ እንደ ማረሻዬ ነው፤ ድንጋይ ሲያገኝ ዞሮ ያልፋል።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ሰንብቷል። ደም አስሎኝ ከዳባት በታች ካለው አገሬ በእህል ማኪና ተጭኜ ጎንደር ወረድሁና ሐኪም ቤት ተኛሁ። ሚስቴ ልጅ ታቅፋ ቀረች። አዝመራ ደርሶ ነበርና ማን ተከትሎኝ ይመጣል?

የተኛሁበት ረጅም አዳራሽ ነው፤ ግራና ቀኝ የብረት አልጋ ተደርድሮበታል። የሚያስል ሰው ከመስኮቱ ጥግ ነው የሚተኛው። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን አልጋ ሆን ብለው ባዶ ይተውታል። ከባዶው ማዶ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ቡአቸውን ሊቀደዱ የመጡ። ስናወራ በባዶው አልጋ ላይ እየጮኽን ነው። መርፌ የሚወጋንና ቁስል የሚጠርገው ድሬሰር የጎንደር ከተማ ልጅ ነው፤ ነጭ ካፖርቱ እንደ ተተኮሰ ይውላል። እኛን በስማችን አይጠራንም፣ ካርዳችን ላይ በተጻፈው ነው የሚጠራን። «ቲቢ፣ መርፌህ ደርሷል» ይለኛል።

በእኛ አገር ጽሑፍ ሁሉ ሊነበብ አይጻፍም። ደብተራው ብራና ላይ ኅቡእ ስም ይጽፋል፣ በቆዳ ይሰፋል፣ የታመመው አንገቱ ላይ ያስራል። ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የተተረጎመ አስማት ይበርዳል ይባላልና። እኔም ፈረንጁ ሐኪም ሁለቱን ፊደል ጽፎ ካርዱን ግርጌዬ ባሰቀለ ሰሞን ደሜ ቆመ። ከዚያ በላይ ምን ልጠይቅ? ድሬሰሩ አንድ ቀን ትርጉሙን ልንገርህ ቢለኝ፣ ተወኝ፣ ሥራውን ይሥራበት አልሁት። ሳቀብኝ።

መሪጌታ ግን ክታብ ራሳቸው የሚጽፉ ሆነው ሳለ ጠየቁ። በነጋታው ሊቀደዱ፣ ማታውን ራስጌያቸው ላይ ሦስት ፊደል ተለጠፈ፤ ኤንፒኦ። ድሬሰሩ በአፍ ምንም አይግባ ማለት ነው፣ ውሃም ቢሆን አላቸው።

«ታዲያ ጾም ነው አትሉም? እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«እስኪቀደዱ።»

«ይኼንስ ሰዓት አባቶቻችንም አልሠሩት» ብለው ዞረው ተኙ።

ተቀደው በደኅና ወጡ። የእኔ ሐሳብ ግን ከቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ከዳባት ማኪና ይመጣል። ጠዋት መስኮቱ ሥር ቆሜ የሚገባውን ሰው ሁሉ አያለሁ። የሌላው ሰው ዘመድ አገልግል ይዞ ይገባል፤ ለእኔ የሚመጣ የለም። በኋላ በኋላ ማየቱን ተውሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ እተኛለሁ።

በአንዱ ቅዳሜ ራጂ ትነሣለህ ብለው ወሰዱኝ። ቤቱ ሌላ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ስመለስ አልጋዬ ላይ በመቀነት ቁራጭ የተቋጠረ በሶ ተቀምጧል። መቀነቱን አወቅሁት፤ የሚስቴ ነው።

መሪጌታ ከማዶ ነገሩኝ። መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቆየች፤ ማኪናው ሊሄድ ነው ሲሏት ተነሣች። ልጂቱን ለጎረቤት ትታ ስለመጣች ማደር አትችልም። እስከ በሩ ልሮጥ ሞከርሁ፤ ሳሉ ግድግዳ አስደግፎ አስቀረኝ። ስመለስ ነው ግርጌዬ ባዶ መሆኑን ያየሁት። ካርዱ የለም።

«ወሰደችው» አሉ መሪጌታ። «ይኼ ነው ወይ ያዳነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ከተሰቀለለት ወዲህ ተሽሎታል አልኋት። ልጂቱ ታስላለች አለች። ተሳልማ ብብቷ ከተተችው።»

«ምነው ዝም አሉ?»

«እናት ናት። ከእናት እጅ ክታብ ልቀማ?»

እኔም በልቤ ደግ አደረገች አልሁ። ለልጄ ከተረፈላት እኔ ብበርድም ግድ የለኝም ብዬ ነው።

ከሰዓት ድሬሰሩ መርፌ ይዞ መጣ፤ ካርዱን ቢያጣው ጊዜ ተቆጣ። ስንት መርፌ እንደ ተወጋሁ፣ ስንት እንደ ቀረኝ እዚያ ላይ ነው ያለው። መሪጌታ የሆነውን ነገሩት። ያን ጊዜ መርፌውን እንደ ያዘ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠ።

«ልጂቱ አንገት ላይ ልታስረው ነው?»

«አዎ» አልሁት። «ምን ይላል?»

«አሁን ጠየቅህ?»

«አሁን ጠየቅሁ።»

ነገረኝ። የሳንባ ነቀርሳ ማለት ነው፤ ረጅሙን ስም በሁለት ፊደል አሳጥረው ነው፣ ተረኛው ቆሞ ሳያነብ እንዲያውቀው። በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ባዶውን አልጋ መታ መታ አድርጎ፣ ይኼ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው አለ።

«አይጠብቅም?»

«ማንን ይጠብቃል? ስም ነው።»

በዚያች ደቂቃ ልጄን ያየኋት መሰለኝ፤ ከእኔ ጎን አንድ ቁርበት ላይ ስትተኛ፣ ፊቴ ላይ ስትስቅ። የእኔ በሽታ ይዟት ቢሆን፣ እናቷ በክታቡ ተማምና ቤት ታስተኛታለች፤ እኔ እዚህ መርፌ ስወጋ እሷ እዚያ ታልቃለች።

ድሬሰሩ ለዳባት ሾፌር መልእክት እሰጣለሁ አለ። ቃሉ ላይ ግን ከመሪጌታ ጋር ተጣላን። እሳቸው፣ ክታቡ የሚሠራው በተጻፈበት ቤት ነውና ልጂቱን ይዘሽ ነይ በሏት፣ ያን ጊዜ ትመጣለች አሉ። እኔ እንቢ አልሁ።

«እውነቱን ከነገርሃት ፈርታ ትደበቃለች፣ አንተ ግትር።»

«ሚስቴን አውቃታለሁ። ያሰርሽባት የበሽታዬ ስም ነው፣ ልጂቱን ይዘሽ ነይ በሏት። ሌላ ቃል አይጨመር።»

ቃሌ ሄደ። መልስ ግን የለም። በመካከሉ መሪጌታ ድነው ወጡ፤ ሲሰናበቱኝም ከሩቅ አማተቡልኝ እንጂ አልቀረቡም። አሁን ሁለት አልጋ ባዶ ሆነ። ልክ ነበሩ ይሆን እያልሁ ዋልሁ። ቀኑ አልመሽ ሲለኝ ድሬሰሩን ፊደል እጠይቀዋለሁ። ቢዲ ማለት በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ኤስኦኤስ ማለት ካስፈለገ ብቻ ነው። የእኔዎቹን መልካቸውን ያዝሁ፤ አንደኛው እንደ ቆመ ምሰሶ ሆኖ ላዩ ላይ ወራጅ የተጋደመበት ነው፣ ሁለተኛው ጀርባው ቀጥ ያለ፣ በፊቱ ሁለት ሆድ ያለው ነው። በጣቴ ብርድ ልብሱ ላይ እጽፋቸዋለሁ።

በገበያ ቀን ስጠብቃት በሌላ ቀን መጣች። ልጂቱን አዝላ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ልገባ ብትል ድሬሰሩ ከለከላት። በልጂቱ አንገት ላይ ቆዳ የተሰፋበት ክታብ ተንጠልጥሏል፤ ካርዱ ታጥፎ እዚያ ውስጥ ነው። አልፈታችውም። ከብዙ ወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ይኼ ነው፤

«የበሽታዬ ስም ነው ብለህ ላክህብኝ። ስሙን ካወቁት ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ አላወጡልህም?»

ልጂቱ ስታስል ሰማሁ፤ ሳሏ አዳራሹን ሁሉ አቋርጦ መጣ። እኔም ሳልሁ። ሚስቴ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች።

ድሬሰሩ ቆዳውን በመቀስ ቀዶ ካርዱን አወጣና ልጂቱን ወደ ልጆች ክፍል ወሰዳት። እኔ እዚያ አልገባም፣ ሚስቴ እኔ ጋ አትገባም። በረንዳ ላይ ታድራለች፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ፈረንጁ ሐኪም ልጂቱ ምን በሽታ እንዳለባት ተናግሯል፣ ግን አላመነችውም። ከዚያ ክታብ ወዲህ ጽሑፍም የጻፈውም ሰው አይታመናትም።

አንድ ጠዋት የልጂቱን ካርድ ከአልጋዋ ይዛ መጣች። ያ ድሬሰር እያያት ዝም አላት። በሩ ላይ ቆማ በሁለት እጇ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንተ እይልኝ» አለች።

«ቀና አድርጊው።»

ቀና አደረገችው። ዓይኔ ያን ጊዜ ደኅና ነበር። ምሰሶውን ፈለግሁ። ከላይ እስከ ታች ሄድሁበት። የተጻፈው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ የሄደ አንድ ረጅም ቃል ነው፤ አጀማመሩም አጨራረሱም እንደ እኔው አይደለም። ሁለት ሆድ ያለውንም አጣሁት። ደግሜ አየሁ፣ ሳል እያነቀኝ።

«የእኔ አይደለም» አልኋት።

«እርግጥ ነህ?»

«የእኔ እዚያ የለም። የሌላ ነው፣ የሚለቅ ይሆናል።»

ድሬሰሩም የሳንባ ምች ነው፣ ሰሞኑን ይለቃታል አለ። እሷ ግን ወደ እሱ አልዞረችም። ካርዱን ደረቷ ላይ አድርጋ ደፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። በመካከላችን ያለው አዳራሽ ሰው በርምጃ የሚጨርሰው ነው፤ ተነሥቼ ግን አልሄድሁም፣ ትንፋሼን ፈራሁት።

ልጂቱ ዳነች። የሚሄዱ ዕለት ሚስቴ በመስኮቱ ውጭ አምጥታ ከፍ አደረገችልኝ። በመስታወቱ እጄን አወዛወዝሁላት፤ ልጂቱ ማን እንደሆንሁ አላወቀችም፣ አለቀሰችና ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀበረች። ሚስቴም ዞራ ሳታይ ቁልቁል ወደ መንገዱ ወረደች። እኔ ብዙ ቀን ገና ይቀረኝ ነበር።