የእህቴ የቀብር ፎቶ

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት እህቴ ቴኒስ ሜዳው ላይ አንድ የባንክ ሠራተኛ አሸነፈች።

«ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ» አላት ሰውዬው።

«ነገም ፀሐይ አለ፤ ኮፍያ ይዘህ ና» አለችው። ሁላችንም ሳቅን።

በመቀሌ ራኬት ይዛ ከወንዶች ጋር የተጋጠመች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ልጃገረዶች ልታሠለጥን ከከተማው አጠገብ ወዳለችው ቁሓ ሄደች። ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠና ሞተች። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

በእኛ ዘንድ ለቀብር ሲወጣ የሟች ፎቶ ከፊት ይያዛል። አጎቴ የምርቃት ፎቶዋን መረጠ። እኔ ራኬት ይዛ የተነሳችውን አሳየሁት።

«በቁምጣ? ወደይ፣ ልጄ፣ ቄሶቹ ፊት?»

«ሰው የሚያውቃት እንዲህ ነው» አልኩት።

«እኛስ? ቤተሰቦቿስ?»

እናቴን እንዳልጠይቅ ለቅሶ ላይ ናት። ግን የምርቃቱን ጋዋን የለበሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው። በእሱ ብንሸኛት፣ ዕድሜዋን በሙሉ በለፋችበት ነገር እኛው ያፈርንባት መሰለኝ።

ሲነጋ ፎቶ ቤት ሄጄ እስኪከፈት በር ላይ ጠበቅሁ። ባለራኬቱን ትልቅ አድርገው አትመው ፍሬም ውስጥ አስገቡልኝ። ስመለስ አስከሬኑ ሊወጣ ነበር። አጎቴ የምርቃቱን ፎቶ ይዞ ቆሟል። የያዝኩትን አየና ፊቱን አዞረ፤ የራሱን ግን አላስቀመጠም። አጠገቡ ቆምኩ። ሁለታችንም የየራሳችንን ፎቶ ይዘን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ሄድን።