ለሦስት የተቆረሰው በርገር

ጎረቤቴ አረጋሽ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ካለው የዕቃ መጋዘን፣ ከዌርሃውስ ሥራዋ ስትመለስ፣ የሥራ ባጇን ከአንገቷ ሳታወልቅ መጀመሪያ የምትከፍተው የፖስታ ሳጥኗን ነው። ልጇ ሊዮል ከታሰረ ስድስት ዓመት ሆነው። ደብዳቤ የሚጽፈው በእርሳስ ነው፤ ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ።

ልጁን ከትንሽነቱ አውቀዋለሁ። ማርከስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊና ኮዲ የሚባል ነጭ ልጅ ከእሱ አይለዩም ነበር። አረጋሽ ሦስቱንም ጠርዙ በተላጠ ሰማያዊ ትሪ ታበላቸው ነበር። ኮዲ ሽሮ ሲበላ አፍንጫው ላይ ላብ ችፍ ይል ነበር።

አንድ ቀን ሦስቱ በሊዮል መኪና ወጡ። ማርከስ ለስላሳ ልግዛ ብሎ ነዳጅ ማደያው ሱቅ ገባ። ሽጉጥ ይዞ ኖሯል፤ ሻጩን ገደለው። ሊዮል መሪው ላይ፣ ኮዲ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ሽጉጥ መያዙን አናውቅም ነበር አሉ።

መርማሪው ቤቷ ሲመጣ አረጋሽ ወንበር አቀረበችለት። ልጇ ጨዋ መሆኑን እንዲያውቅላት ብላ፣ "ሦስቱም እንደ ወንድማማች ናቸው፤ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት፤ አንዱ ያለ አንዱ ምንም አያደርግም" አለችው። እኛ ልጅ የምናመሰግነው እንዲህ ነው።

ፍርድ ቤት ያ ቃሏ ተነበበ። በዚህ አገር ሕግ አብሮ የነበረ ሰው እንደ ገዳዩ ሊቀጣ ይችላል። ዐቃቤ ሕጉ ግን ቃሏን ያነሳው በሁለቱ ጥቁር ልጆች ላይ ብቻ ነው። ኮዲ ሳያውቅ የተከተለ ልጅ ተባለና በእነሱ ላይ መስክሮ ቤቱ ገባ፤ ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮም ተመረቀ። ሊዮል አርባ ዓመት ተፈረደበት።

እናትና ልጅ እስከ ዘንድሮ እስር ቤት የሚተያዩት በመስታወት ተለያይተው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ከሄደችበት ስትመለስ ሁሉንም ነገረችኝ።

እዚያው ካለው የምግብ መሸጫ ማሽን በርገር ገዛችለት። ልታጎርሰው እጇን ስትዘረጋ ጠባቂው ራሱን ነቀነቀባት፤ ሶፍቱ ላይ አስቀመጠችው። ስድስት ዓመት ያልጠየቀችውን ያን ጊዜ ጠየቀችው።

"ከአንድ ትሪ ይበላሉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ተቀይመኸኛል?"

"ማሚ፣ እውነት ነው እኮ ያልሽው። ማርከስ ትልቁን ይወስድ ነበር እንጂ።"

"አትቀልድብኝ።"

"አልቀለድኩም። ሶ፣ ታዲያ ምን ልትያቸው ነበር? አላውቃቸውም ልትይ?" እጇን ያዘና ወደ ሶፍቱ አየ። "ደግሞ ይሄን እይው፣ ለሦስት ቆርሰሽዋል።"

እሷም አየች። እጇ በልማዱ ሦስት ቦታ ቆርሶታል። ሊዮል የራሱን በላ። የማርከስንም በላ። ሦስተኛውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

"የኮዲን አንቺ ብዪው።"

ይዛው መውጣት አይፈቀድም። ቁራሹ እስካለ ሊዮል እንደተቀመጠ የሚቆይላት ይመስል፣ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ በላችው።