ምስማሩ ላይ የቀረው ክር

ፈረንጇ ለትምህርት ቤታችን የላከችልንን አግዳሚ ወንበሮች ለማየት ስትመጣ የእንግዳ ወንበር አትወድም። አረንጓዴ ቀሚሷን ሰብስባ ከልጆቹ መሀል ትቀመጥና የማበስለውን የበቆሎ ገንፎ በእጇ ትበላለች።

"አንቺ ልጅ፣ አገርሽ ሰው የለሽም እንዴ?" ስላት፣

"እናንተ አላችሁልኝ አይደል፣ እማማ ናኪሩ!" ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ከሞሮቶ ተራራ ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ስትጎበኝ የአግዳሚ ምስማር ቀሚሷን ቀደደው። ትናንት እኛ ጋ ስትመጣ በቀይ ክር ጠቅማው ነበር። ዳይሬክተራችን ሎሞንጊን "እግዜር ይስጥልን!" እያለ ሲያመሰግናት፣ እንደ ልማዷ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። የአግዳሚው ምስማር ላይ አረንጓዴ ክር ተንጠልጥሏል።

ክሩን ነቅላ ከቀሚሷ ጋር አስተያየችው። ለሁለቱም ትምህርት ቤት ከላከችው አግዳሚ ግማሹን ማን እንደበላው ሎሞንጊን ያውቃል። የተረፈው በጋሪ ተጭኖ እሷ በምትሄድበት ሁሉ ቀድሟት ይደርሳል።

ሎሞንጊንን ቀና ብላም አላየችው። ወደ እኔ ዞረች።

"እማማ ናኪሩ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?"

አንገቴን ደፍቼ ገንፎዬን አማሰልኩ። የሷን ድርሻ ሳወጣላት አልተቀበለችኝም፤ ሄዳ የእንግዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።