ስክሪኑ ባዶ ያለው መንገድ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የትራፊክ መብራቱ በኮምፒውተር መታዘዝ የጀመረ ዕለት ለዘገባ ተልኬ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ እንዲህ ባለ ቀን ከመኪናው ይልቅ እግረኛው፣ አህያውና ጋሪው ይበዛል። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ግን ከመንገዱ ሥር ብረት የሚለይ ሽቦ አስቀብሯል። መኪና ሲቆምበት ኮምፒውተሩ ያውቃል፣ መብራቱንም ይቀይራል። ሰው ሲቆምበትስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

መስቀለኛው አጠገብ ባለ ፎቅ ላይ ስክሪኑን ከበን ቆምን።

«ከገጠር የሚገባው መንገድ ባዶ ነው» አለ ባለሙያው፤ «ስለዚህ አረንጓዴው ለአስፋልቱ ይቆያል።»

«ትራንስፎርሜሽን ማለት ይኼ ነው!» አሉ የከተማው ትራንስፖርት ኃላፊ፣ አጨበጨቡም።

እኔ የቆምኩት ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። ባዶ በተባለው መንገድ ላይ ጎረምሶች ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል። ሆስፒታሉ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ከቡሬ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ደግሞ አረንጓዴ አግኝተው ይከንፋሉ። ለኃላፊው ባሳያቸው «ሲስተሙ ያስተናግዳቸዋል» ብለው ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

ወረድኩ። የባሏ አባት ትራፊክ ፖሊሱን ይለምናሉ።

«ልጄ፣ እባክህ እነዚህን መኪኖች አቁምልን።»

«አባቴ፣ ዛሬ እጄን እንዳላነሳ ታዝዣለሁ። መብራቱ ራሱ ያያችኋል።»

«በየት ዓይኑ?»

ዳር ላይ የቆመ የባጃጅ ሾፌር ሳቀ። «እሱ ሰው መች ያያል፣ አባባ! ከጠዋት ጀምሮ ባለ አህዮቹን ሲገትር ነው ያረፈደው። ቆይ፣ እኔ ሰው ላድርጋችሁ!»

ባጃጇን ከቃሬዛው ፊት አምጥቶ ሽቦው ላይ አቆማት። ብዙም ሳይቆይ የጭነት መኪኖቹ ቀይ በራባቸው። ተሸካሚዎቹ ባጃጇን ተከትለው ተሻገሩ። ከፎቁ መስኮት ጭብጨባ ወረደ፤ «አያችሁ፣ ሠራ!» የሚል ድምፅም ሰማሁ።

ሆስፒታሉ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ሴትዮዋ ገና ሳይመሽ በሰላም ተገላገለች። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ስትመለስ ለጌቶቹ ንገርልኝ ልጄ፤ ዛሬ በዚያ መንገድ ሁለት ነፍስ ተሻግሯል» አሉኝ።

ተመልሼ እንዳሉኝ ነገርኩ። ኃላፊው ባለሙያውን አዩት። ባለሙያው ስክሪኑን ወደ ኋላ መልሶ ፈተሸ።

«የለም» አለኝ በትሕትና፤ «የተሻገረው አንድ ባጃጅ ብቻ ነው።»